ፋይበር ስታስገቡ የቤት ስልክ ቁጥራችሁ እንዳይጠፋ

ብሪታንያ የምትኖሩና ቤታችሁ አሁንም መደበኛ ስልክ ያላችሁ ከሆነ የስልክ ድርጅታችሁ ደብዳቤ ደርሷችኋል፤ ካልደረሳችሁም በቅርቡ ይደርሳችኋል። የድሮው የስልክ አገልግሎት በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 2027 መጨረሻ ላይ ይዘጋል። መጀመሪያ ዲሴምበር 2025 ነበር የተባለው፤ በኋላ ተገፋ። ከሴፕቴምበር 2023 ጀምሮ ደግሞ የዚህ ዓይነት አዲስ መስመር አይሸጥም። ከእንግዲህ የቤት ስልክ የሚሠራው በኢንተርኔት ነው።

«ሞባይል አለኝ፣ የቤት ስልኩ ይቅርብኝ» የሚል ሰው ብዙ ነው። ይቅር ካላችሁ ይቅር። ግን አዲስ አበባ ያለችው አክስት ድሮ ደብተሯ ላይ የጻፈችው ያንን ቁጥር ነው። ሐኪም ቤቱም ካውንስሉም የያዙት እሱን ነው። ምግብ ቤት ወይም የጉዞ ወኪል ያለው ሰውማ በ020 የሚጀምረው ቁጥሩ በሩ ላይ፣ መኪናው ላይ፣ ካላንደሩ ላይ ታትሟል። እሱ ቁጥር ከጠፋ ደንበኛም አብሮ ይጠፋል።

ቁጥራችሁን ይዛችሁ ወደ ሌላ ድርጅት የመሄድ መብታችሁ የስልክና የኢንተርኔት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በኦፍኮም ደንብ የተጠበቀ ነው። ችግሩ መብቱ ላይ ሳይሆን ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ስለዚህ ከሁሉም በፊት ይህቺን ያዙ፦ ቁጥር መዛወር ያለበት መስመሩ በሥራ ላይ እያለ ነው። ደውላችሁ «መስመሩን ዝጉልኝ» ካላችሁ ቁጥሩን ልታጡት ትችላላችሁ። አሮጌውን መስመር እናንተ አትዘጉትም። ቁጥሩ ሲወጣ በራሱ ይዘጋል።

ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚህች ነገር ዝርዝር ነው።

1. ያላችሁን ነገር እወቁ

የመጨረሻውን ቢል አውጡና ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ። ሦስት ነገር ፈልጉበት፦ የአካውንት ቁጥር፣ የባለቤቱ ስምና አድራሻ እንዴት እንደተጻፈ፣ ውሉ መቼ እንደሚያልቅ። ውሉ ካላለቀ ቁጥሩን ማውጣት ውል ማፍረስ ሊሆን ይችላል፤ ቅጣት አለው። ስንት እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ። ሁለት ወር የቀረው ውል ከሆነ ሁለት ወር መጠበቁ ይሻላል።

የገዛ ቁጥራችሁን እርግጠኛ ካልሆናችሁ (የቤት ስልኩን ማንም የማይነካበት ቤት ሞልቷል) ከዚያው ስልክ ላይ 17070 ደውሉ። አብዛኛውን የአገሪቱን የስልክ ሽቦ በሚያስተዳድረው በኦፕንሪች መስመር ላይ ከሆናችሁ ማሽኑ ቁጥሩን ያነብላችኋል።

ቀጥሎ ቤቱን ዞራችሁ እዩ። ከስልኩ ሶኬት ጋር የተገናኘው ምንድን ነው? የሌባ ማንቂያ ደወል? የሱቁ የካርድ ማሽን? አንገት ላይ የሚንጠለጠለው የአረጋውያን የድረሱልኝ ቁልፍ? የመጨረሻው ቀልድ አይደለም፤ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

2. ስሙን አስተካክሉ

እዚህ ላይ የእኛ ሰው ከሌላው የበለጠ ይቸገራል። የማዛወሪያ ጥያቄ ውድቅ ከሚሆንባቸው የተለመዱ ምክንያቶች አንዱ ቅጹ ላይ ያለው ስም ወይም ፖስት ኮድ አሮጌው ድርጅት ዘንድ ካለው ጋር አለመግጠሙ ነው።

የእኛ ስም ደግሞ በላቲን ፊደል አንድ ዓይነት አጻጻፍ የለውም። ፀሐይ የሚለው ስም ፓስፖርቱ ላይ በቲና በኤስ ይጀምራል፣ ቢሉ ላይ በቲ ብቻ። ሚስት የአባቷን ስም ትጠራለች፣ ባል የአባቱን፤ ኦፕሬተሩ ባልና ሚስት መሆናቸው አይገባውም። አንዳንድ ቤት መስመሩ የወጣው ከ25 ዓመት በፊት በሞቱት አባት ስም ነው፤ ልጆቹ ከዚያ ወዲህ ዝም ብለው እየከፈሉ ነው። ሌላ ቤት ደግሞ የራስ ስምና የአባት ስም ቦታ ተለዋውጠዋል።

ትክክለኛው አጻጻፍ የቱ እንደሆነ አትከራከሩ። ቢሉ ላይ ያለውን ስህተቱንም ጨምራችሁ እንዳለ ገልብጡ። ባለቤቱ በሕይወት ከሌሉ ወይም አካውንቱ በሌላ ሰው ስም ከሆነ ግን ማዛወሩን ከመጀመራችሁ በፊት አሮጌው ድርጅት ስሙን እንዲቀይር አድርጉ። ስሙ መቀየሩን በአዲስ ቢል ላይ ካያችሁ በኋላ ቀጥሉ። የስም ለውጥና የቁጥር ዝውውር ባንድ ሳምንት ማስኬድ ራስ ምታት ነው።

እናታችሁን ወይም አባታችሁን ወክላችሁ የምትደውሉ ከሆነ እሳቸው አጠገባችሁ ይቀመጡ። ድርጅቱ አንዴ ራሳቸው «እሺ፣ እፈቅዳለሁ» ሲሉ መስማት ይፈልጋል። ያቺን ያህል እንግሊዝኛ ከተናገሩ የቀረውን እናንተ ትጨርሱታላችሁ።

3. ፋይበሩ የትኛው ነው?

ማስታወቂያው ሁሉንም «ፋይበር» ይለዋል። ለቁጥራችሁ ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው።

እውነተኛው፣ እስከ ቤት ድረስ የሚገባው ፋይበር አዲስ ገመድ ነው። ቴክኒሻኑ ግድግዳ በስቶ ቀጭን ገመድ ያስገባና ኦኤንቲ የሚሉትን ትንሽ ነጭ ሳጥን ይሰቅላል። አሮጌው የመዳብ መስመር ግን አይነካም። ስለዚህ ሁለቱን ጎን ለጎን ማቆየት ትችላላችሁ፤ አዲሱ ኢንተርኔት እየሠራ፣ ስልኩ ባለበት እየጮኸ። ቁጥሩን ተረጋግታችሁ የምታዛውሩት ያኔ ነው።

ሁለተኛው ዓይነት ፋይበሩ መንገድ ዳር ካለው አረንጓዴ ሳጥን ላይ ያበቃና ቤት የሚገባው በዚያው በአሮጌው የመዳብ ሽቦ ነው። ሽቦው አንድ ስለሆነ ጎን ለጎን የሚባል ነገር የለም። ወደ አዲሱ አገልግሎት ሲቀየር የድሮው ስልክ በዚያው ደቂቃ ያበቃል። እንዲህ ከሆነ ቁጥሩ አብሮ መሄድ እንዳለበት ውሉን ስትፈርሙ መናገር አለባችሁ። በኋላ የሚባል ነገር የለም።

የትኛው እንደሆነ ካላወቃችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «አዲስ ገመድ ወደ ቤቴ ይገባል ወይስ በነበረው ሽቦ ነው?»

4. ቁጥሩ የት እንደሚሄድ ምረጡ

መንገዱ ሁለት ነው።

ቀላሉ፣ ኢንተርኔቱን የሚሰጣችሁ ድርጅት ቁጥሩንም እንዲወስድ ማድረግ ነው። ቢቲ፣ ስካይ፣ ቮዳፎን፣ ቨርጂን ሚዲያ ሁሉም የራሳቸው የኢንተርኔት ስልክ አላቸው። ስልካችሁን ከግድግዳው ሶኬት ነቅላችሁ ራውተሩ ጀርባ ትሰካላችሁ። አለቀ። ለአረጋዊ ወላጅ፣ ወይም ሴቲንግ መነካካት ለማይወድ ሰው ይህን ነው የምመክረው። እንከኑ ቁጥሩ ከኢንተርኔቱ ጋር መታሰሩ ነው፤ ኢንተርኔት በቀየራችሁ ቁጥር ይህንኑ ሥራ ደግማችሁ ትሠራላችሁ።

ሌላው ቁጥሩን ስልክ ብቻ ለሚሠራ ራሱን የቻለ የቮይፕ (በኢንተርኔት የሚሠራ ስልክ) ድርጅት መስጠት ነው። ያኔ ኢንተርኔቱ የማንም ይሁን የማን ቁጥሩ አይነካም። ከለንደን ወደ ሊድስ ብትሄዱም 020 ቁጥራችሁ ይከተላችኋል። ሞባይላችሁ ላይም ሊጮህ ይችላል። ለንግድ ሰው ከዚህ የተሻለ የለም። ክፍያው በየወሩ ጥቂት ፓውንድ ነው፤ የደቂቃ ሒሳብ ለብቻ ነው። ወደ 251 የሚደወለው ዋጋ ከድርጅት ድርጅት በጣም ስለሚለያይ ሳታዩ አትፈርሙ። እርግጥ ዘመድ ጋ በቴሌግራም የምትደውሉ ከሆነ ይህ አያሳስባችሁም።

አንዳንድ ፋይበር የሚዘረጉ ትንንሽ ድርጅቶች ጭራሽ ስልክ አይሸጡም። እንደዚያ ከሆነ ያላችሁ ምርጫ ሁለተኛው ብቻ ነው።

5. ቅደም ተከተሉ

ቁጥሩን የሚወስደው ኢንተርኔት ሰጪው ከሆነ፣ ስትመዘገቡ «ቁጥሬን ይዤ ነው የምመጣው» በሉ፤ ቁጥሩንም ስጧቸው። ከሴፕቴምበር 12 ቀን 2024 ጀምሮ ኢንተርኔት መቀየር የአዲሱ ድርጅት ሥራ ሆኗል። ለአሮጌው መደወል አያስፈልግም። አሮጌው ግን ምን ምን እንደሚዘጋ የሚገልጽ መልእክት በኢሜይል ወይም በደብዳቤ ይልክላችኋል። ያንን መልእክት አንብቡት። ሰው የሚዘለው እሱን ነው። ስልኩ «ይዘጋል» ተብሎ ተዘርዝሮ አዲሱ ውል ላይ ደግሞ ስለ ቁጥሩ ምንም ካልተጻፈ፣ የሆነ ነገር ተሳስቷል ማለት ነው። ያኔውኑ ደውሉ።

ቁጥሩ ወደ ቮይፕ ድርጅት የሚሄድ ከሆነ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። መጀመሪያ ፋይበሩን እንደ አዲስ መስመር አስገቡ። ለሻጩ «የድሮው ስልኬ እንዳይነካ፣ እኔ ራሴ አዛውረዋለሁ» በሉት፤ ቢቻል በጽሑፍ ይሁን። ፋይበሩ ገብቶ ኢንተርኔቱ ጥቂት ቀን በደንብ መሥራቱን እዩ። ከዚያ የቮይፕ አካውንት ክፈቱ። ብዙዎቹ ጊዜያዊ ቁጥር ይሰጧችኋል፤ በእሱ ደውላችሁ ድምፁ ጥሩ መሆኑን ሞክሩ። ድምፁ ካልጣማችሁ እስካሁን የጠፋ ነገር የለም፤ ሌላ ድርጅት ትሞክራላችሁ። ከጣማችሁ ቁጥሩን እንዲያዛውሩላችሁ ጠይቁ። ድርጅቶቹ ፖርት ይሉታል። ቅጽ ያስፈርሟችኋል፣ ቢል ይጠይቃሉ፣ ቀን ይቆርጣሉ። አንድ ነጠላ መስመር ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ጥያቄው ውድቅ ሆኖ ከተመለሰ ይረዝማል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። አሮጌው ስልክና አሮጌው ኢንተርኔት በአንድ ሽቦ ላይ ከሆኑ ቁጥሩ ሲወጣ ኢንተርኔቱም አብሮ ይሞታል። ፋይበሩ ቀድሞ ይግባ ያልኩት ለዚህ ነው። ቁጥሩ አስቀድሞ የኢንተርኔት ድርጅት ስልክ ላይ ገብቶ ከሆነና ከዚያ ወደ ቮይፕ የምታወጡት ከሆነም «ቁጥሩ ሲወጣ ኢንተርኔቱ ይቀጥላል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን በቻት ጠይቃችሁ ስክሪንሾት አስቀምጡ። በስልክ የተነገረ ተስፋ በኋላ የሚያስታውሰው የለም።

6. ከዝውውሩ ቀን በፊት

1571 ላይ የተቀመጡ የድምፅ መልእክቶች ከአሮጌው መስመር ጋር ይጠፋሉ። አብዛኛው ሰው ምንም የሚያስቀምጥ የለውም። ግን አንዳንድ ቤት የሟች እናት ድምፅ እዚያ አለ። ስልኩን ላውድ ላይ አድርጋችሁ በሞባይል ቅዱት። ዛሬውኑ።

ቀድሞ የከተማውን ኮድ ሳትጨምሩ ትደውሉ ከነበረ ልማዱን ተዉት። በኢንተርኔት ስልክ ጎረቤታችሁ ጋም ቢሆን ሙሉውን፣ ከ020 ወይም ከ0161 ጀምራችሁ መደወል አለባችሁ። ስልኩ ውስጥ በአጭሩ የተመዘገቡ ቁጥሮች ካሉ አሁን አስተካክሏቸው።

7. መሣሪያውን መግጠም

በቮይፕ መንገድ ለሄዱ ብቻ። አሮጌውን የቤት ስልክ ከኢንተርኔት ጋር የሚያገናኝ ትንሽ አዳፕተር ያስፈልጋል። ግራንድስትሪም ኤችቲ 801 ርካሽና የተለመደ ስለሆነ በእሱ ላሳያችሁ።

ሳጥኑ ከእጅ መዳፍ ያነሰ ነው። ሦስት ቀዳዳ አለው፦ የመብራት፣ የኔትወርክ ገመድ፣ የስልክ። የኔትወርኩን ገመድ ራውተሩ ላይ ሰኩ። የስልኩ ቀዳዳ የአሜሪካው ትንሿ ዓይነት ስለሆነች የእንግሊዙ ስልክ ሶኬት አይገባባትም፤ ማገናኛ ያስፈልጋል። ማገናኛውን ስትገዙ የደወል ካፓሲተር ያለበትን ምረጡ። ያለዚያ አንዳንድ የድሮ ስልክ ያናግራል እንጂ አይጮህም። ሰው ስልኩ ተበላሸ ብሎ ይጥለዋል፤ የተበላሸ ነገር ግን የለም።

ስልኩን አንሡና ኮከቧን ሦስት ጊዜ ንኩ። አንዲት ሴትዮ በእንግሊዝኛ ታነጋግራችኋለች። 02 ንኩ፤ የአዳፕተሩን አድራሻ በቁጥር ትነግራችኋለች። ጻፉት። ያንን ቁጥር ኮምፒዩተር ላይ፣ ዌብሳይት በሚጻፍበት ቦታ አስገቡ። የመግቢያ ገጽ ይመጣል። ስሙ አድሚን ነው፤ የይለፍ ቃሉ አዲሶቹ ላይ ከሳጥኑ ሥር ተለጥፏል። መጀመሪያ የምትሠሩት ሥራ እሱን መቀየር ይሁን።

ከዚያ የስልኩ ፖርት (የስልኩ ቀዳዳ) የሚለው ገጽ ላይ የቮይፕ ድርጅቱ የላከላችሁን አስገቡ፦ የሰርቨሩን ስም፣ የተጠቃሚውን መለያ፣ የይለፍ ቃሉን። እዚያው ገጽ ላይ የመስመሩን ዓይነት ወደ ዩኬ ቀይሩ። የደዋዩ ቁጥር ስልኩ ላይ እንዲታይም የቢቲ የሚለውን አሠራር ምረጡ። ሴቭ አድርጉ፣ አጥፍታችሁ አብሩት። የሁኔታ ገጹ ላይ መመዝገቡ ከታየ ስልኩን አንሡ፤ የመስመር ድምፅ ትሰማላችሁ።

ድምፁ በአንድ ወገን ብቻ ከተሰማ፣ ወይም ጥሪው ትንሽ ቆይቶ ከተቋረጠ፣ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የራውተሩ ነው። ሴቲንጉ ውስጥ ሲፕ ኤኤልጂ የሚባል ነገር አለ። አጥፉት። ይረዳል ተብሎ የተሠራ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ይረብሻል።

በየክፍሉ ስልክ ለሚፈልግ ገመድ አልባ፣ ባለብዙ እጀታ ስልክ ግዙ። መሠረቱን ብቻ አዳፕተሩ ላይ ትሰካላችሁ፤ ሌሎቹ እጀታዎች የትም ይቀመጣሉ። የቤቱን የድሮ ሶኬቶች በአዳፕተሩ ማስነሣት ይቻላል፤ ግን ከውጭ የሚመጣው ሽቦ ካልተለየ መሣሪያው ሊቃጠል ይችላል። ለሚያውቅ ሰው ተዉት።

8. የዝውውሩ ቀን

አሮጌው የግድግዳ ሶኬት ላይም አንድ ስልክ ተሰክቶ ይቆይ። ለተወሰኑ ሰዓታት ከአንዱ ኔትወርክ የሚደወለው በአሮጌው፣ ከሌላው የሚደወለው በአዲሱ ሊገባ ይችላል። ይህ የተለመደ ነው፤ አትደንግጡ።

ማታ ላይ ሞክሩት። ከራሳችሁ ሞባይል ደውሉ። ሌላ ኔትወርክ ላይ ካለ ጓደኛ አስደውሉ። አዲስ አበባ ያለ ሰውም አስደውሉ። ከውጭ የሚደውል ሰው ከ44 በኋላ ያለችውን ዜሮ መተው እንዳለበት አስታውሱት።

999ን ለሙከራ አትደውሉ። በእሱ ፋንታ የቮይፕ አካውንታችሁ ውስጥ ገብታችሁ የአደጋ ጊዜ አድራሻ የሚለውን ሙሉ። የኢንተርኔት ስልክ የት እንዳለ በራሱ አይታወቅም። ቤት ከቀየራችሁም ያንን አድራሻ መቀየር የእናንተ ኃላፊነት ነው። አምቡላንስ ወደ ድሮው ቤታችሁ እንዲሄድ አትፈልጉም።

መብራት ሲጠፋ

የድሮው ስልክ ኃይሉን ከስልክ ጣቢያው ያገኝ ስለነበር መብራት ጠፋ አልጠፋ ግድ አልነበረውም። አዲሱ መብራት ከጠፋ ይሞታል። ኦኤንቲውም፣ ራውተሩም፣ አዳፕተሩም እኩል ኃይል ይፈልጋሉ። ሞባይል በደንብ የሚይዝበት ቤት ከሆነ ብዙ አትጨነቁ። የማይዝ ከሆነ፣ ወይም ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው በቤት ስልክ ብቻ የሚተማመን ከሆነ ለድርጅቱ ተናገሩ። በኦፍኮም መመሪያ መሠረት እንዲህ ላለ ደንበኛ መብራት ከጠፋ በኋላ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት የአደጋ ጥሪ ማድረግ የሚያስችል መላ ማቅረብ አለባቸው። ካልጠየቃችሁ ግን ችግራችሁን አያውቁትም።

የድረሱልኝ ቁልፍ ያለበት ቤት ሌላ ነው። መሣሪያው በኢንተርኔት ስልክ ላይ ላይሠራ ይችላል። አንዳንዱ ሙሉ ለሙሉ መቀየር አለበት። ይህ ጉዳይ አደጋ ስላስከተለ መንግሥትና ትልልቆቹ የስልክ ድርጅቶች ዲሴምበር 2023 ላይ ስምምነት ፈርመዋል፤ እንዲህ ያለ መሣሪያ ያላቸውን ሰዎች ሳያረጋግጡ እንዳያዛውሩ። እናንተ ግን ስምምነቱን አትጠብቁ። ቁልፉን የሰጠው ካውንስል ወይም ድርጅት ጋ ቀድማችሁ ደውሉ። ስልኩ ከተቀየረ በኋላም ቁልፉን ተጭናችሁ በዚያኛው ወገን ሰው መመለሱን አረጋግጡ። የሱቅ የካርድ ማሽንና የሌባ ደወልም እንደዚሁ።

ስለ ሌቦች

ይህ ለውጥ ለአጭበርባሪ ሠርግ ነው። «ስልክዎ ሊዘጋ ነው፣ ለመቀየር ክፍያ አለ፣ የባንክ ካርድዎን ይንገሩን» እያሉ አረጋውያን ጋ ይደውላሉ። ወደ ዲጂታል ለመዛወር ብቻ ተብሎ የሚከፈል ገንዘብ የለም። ወላጆቻችሁን አስጠንቅቁ፤ ዘግተው ለእናንተ እንዲደውሉ ንገሯቸው።

የቮይፕ አካውንትም ሌባ አለው። የይለፍ ቃላችሁን ካገኘ ሌሊቱን ውድ ወደሆኑ አገሮች ሲደውል ያድራል፤ ቢሉ ለእናንተ ይመጣል። ረጅም የይለፍ ቃል አድርጉ። አካውንቱ ላይ የወጪ ጣሪያ ማስቀመጥ የሚቻል ከሆነ አስቀምጡ። ወደ ውጭ መደወልን ዝጉና 251ን ብቻ ክፈቱ፤ ድርጅቱ የሚፈቅድ ከሆነ።

የመጨረሻው ቢል

ቁጥሩ ከወጣ በኋላ አሮጌው ድርጅት የመዝጊያ ቢል ይልካል። እስኪመጣ ድረስ ዳይሬክት ዴቢቱን ባንክ ላይ አታቋርጡት፤ ያልተከፈለ ሒሳብ ከሆነ የክሬዲት መዝገባችሁን ያበላሻል። ቢሉ ሲመጣ የመስመር ኪራዩ ቁጥሩ በወጣበት ቀን መቆሙን እዩ። አስቀድማችሁ የከፈላችሁት ካለ ተመላሽ አለው። ሁለት ወር አልፎ አሁንም የሚቆርጡ ከሆነ ቁጥሩ የወጣበትን ቀን የሚያሳየውን ኢሜይል አያይዛችሁ ቅሬታ አስገቡ።